ስታር ፌሪ፦ በአምስት ዶላር ሆንግ ኮንግን የምታዩበት ጀልባ

ሆንግ ኮንግ ደርሳችሁ ስታር ፌሪን ሳትሳፈሩ እንዳትመለሱ። ዋጋው ርካሽ ነው። ሰዓት ያከብራል። ንጹሕ ነው። ከባሕሩ መሃል ሆናችሁ የምታዩት የከተማ ገጽታ ደግሞ ሌላ ቦታ ብዙ ገንዘብ ከፍላችሁም የማታገኙት ነው። ከጓንግዡ ዕቃ የምታመጡ፣ በትራንዚት አንድ ሌሊት የምታድሩ፣ ለስብሰባም ለሥልጠናም የምትሄዱ፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ብዬ ነው።

ግን ስለ ጀልባው ብቻ ተናግሬ ማለፍ አልሆነልኝም። ይህች ከተማ በ1997 ከእንግሊዝ እጅ ወጥታ ወደ ቻይና ተመልሳለች (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አንዱ ባንዲራ ወርዶ ሌላው ተሰቅሏል። ከዚያ በኋላ ምን ቀረ፣ ምን ሄደ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ ጀልባ የተሻለ ማያ ቦታ የለም ባይ ነኝ። ሥራው፣ ገንዘቡ፣ ትራንስፖርቱ እንደነበረ ቀጥሏል። ሰዉ ስለ ራሱ ጉዳይ አፉን ሞልቶ የሚናገርበት ቦታ ግን በጣም ጠቧል። የዚህች ጀልባ ታሪክ ሁለቱንም ይዟል። ስለዚህ ሁለቱንም ነው የምገመግመው።

መጀመሪያ አገልግሎቱ።

ቪክቶሪያ ወደብ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በስተደቡብ የሆንግ ኮንግ ደሴት አለ። ባንኮቹ፣ ፍርድ ቤቶቹና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ እዚያ ናቸው። በስተሰሜን ካውሉን ነው። ገበያው፣ ርካሽ ማደሪያው፣ የአፍሪካና የደቡብ እስያ ነጋዴ የሚርመሰመስበት ቹንግኪንግ ማንሽንስ የሚባለው ሕንፃ በዚህ በኩል ነው። ጀልባው ከሴንትራል 7 ቁጥር ማረፊያ ተነስቶ ጺም ሻ ጹይ ያደርሳችኋል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አንዱ ቢያመልጣችሁ ሌላው ብዙ ሳይቆይ ይመጣል። በባቡርም መሻገር ይቻላል፣ እንዲያውም ይፈጥናል፣ ግን ዋጋው ከጀልባው በብዙ ይበልጣል፣ ከባሕሩ ሥር ስለሚሄድ ደግሞ ምንም አታዩም።

ዋጋው በ2023 ከተጨመረ በኋላ እንዲህ ነው። የላይኛው ፎቅ በሥራ ቀን 5 የሆንግ ኮንግ ዶላር፣ ቅዳሜ፣ እሁድና በበዓል 6 ከ50። የታችኛው ፎቅ በሥራ ቀን 4፣ በእረፍት ቀን 5 ከ60። ላይኛውን ያዙ። ታች የሞተሩ ድምፅ ይበዛል፣ እይታውም እንደ ላይኛው አይደለም። ለአንድ ዶላር ብላችሁ ይህን አትጡት።

የምትከፍሉት በኦክቶፐስ ካርድ ነው። ስለዚህ ካርድ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም በጣም የማደንቀው ነገር ነው። ሥራ የጀመረው በመስከረም 1997 ነው፣ ከርክክቡ ሁለት ወር በኋላ ማለት ነው። ለንደን ራሷ እንዲህ ያለ የትራንስፖርት ካርድ ያወጣችው በ2003 ነው። የቅኝ ገዢዋ ዋና ከተማ ከቀድሞ ቅኝ ግዛቷ ስድስት ዓመት ዘግይታ መጣች። ዛሬ በዚህ ካርድ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ ትራም፣ ጀልባ ትሳፈራላችሁ፣ ከሱቅ ውኃም ዳቦም ትገዛላችሁ። 50 ዶላር መያዣ ታስይዛላችሁ። ስትመልሱት ይመለስላችኋል፣ ቶሎ ከመለሳችሁት ግን ትንሽ ይቆርጡባችኋል።

አሁን ጀልባው ውስጥ እንግባ። ወንበሮቹ የእንጨት ናቸው። መደገፊያቸው ላይ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የኮከብ ቅርጽ ተሠርቶበታል። መደገፊያው ወዲያና ወዲህ ይገለበጣል። ጀልባው ሁለቱም ጫፍ ራስ ስለሆነ ዞሮ አይመለስም፣ ኋላ የነበረውን ፊት አድርጎ ይነሳል። ስለዚህ ፊታችሁን ወደ ጉዞው ለማዞር መደገፊያውን ገፋ ማድረግ ነው። የለመዱት ሰዎች ሲቀመጡ ዓይናቸው ስልካቸው ላይ ሆኖ በአንድ እጃቸው ገልብጠውት ቁጭ ይላሉ። ሠራተኞቹ ሰማያዊ የመርከበኛ ልብስ ይለብሳሉ። ማረፊያው ላይ ስትደርሱ አንዱ ጫፉ ቆልማማ በሆነ ረጅም ዘንግ ወፍራሙን ገመድ ይስብና የብረት ምሰሶው ላይ ይጠመጥመዋል። ገመዱ ሲጠብቅ ሲጥ ሲጥ ይላል። ከዚያ መሸጋገሪያው በሰንሰለት ይወርዳል፣ ሰዉም ይፈስሳል። ይህንን ሥራ ለማየት በተቻለ መጠን ወደ ፊት ተቀመጡ።

ጀልባውን የጀመረው እንግሊዛዊ እንዳይመስላችሁ። ከሕንድ የመጣ ዶራብጂ ናኦሮጂ የሚባል ፓርሲ (ዘራቸው ከፋርስ የሆነ የሕንድ ማኅበረሰብ ሰው) ነጋዴ ነው። በ1888 ኩባንያውን አቋቋመ፣ በ1898 ደግሞ ስታር ፌሪ ተባለ። በዚያው በ1898 እንግሊዝ ከካውሉን በስተሰሜን ያለውን ሰፊ መሬት ከቻይና ለ99 ዓመት ተከራየች። ደሴቱን በ1842፣ ካውሉንን በ1860 በጦርነት ማግስት ለዘለዓለም ብላ ወስዳቸዋለች። ይኛው ግን ኪራይ ነበር። 1898 ላይ 99 ስትደምሩ 1997 ይመጣል። ኪራዩ ሲያልቅ ደሴቱ ብቻውን መኖር አይችልም፣ ውኃውም መሬቱም ሕዝቡም ከዚያኛው ጋር ተሳስሯል። ስለዚህ ሁሉም አንድ ላይ ተመለሰ።

እኔን የሚገርመኝ ግን የ1966ቱ ታሪክ ነው። ኩባንያው የአንደኛ ማዕረጉን ዋጋ ከ20 ሳንቲም ወደ 25 ሳንቲም ላሳድግ አለ። አምስት ሳንቲም! ኤልሲ ኤሊዮት የምትባል የከተማ ምክር ቤት አባል ከ20 ሺህ በላይ ፊርማ ሰበሰበች። ሚያዝያ 4 ቀን ደግሞ ሶ ሳው ቹንግ የሚባል ወጣት በደሴቱ በኩል ካለው የጀልባው ማረፊያ ሄዶ፣ ጃኬቱ ላይ ተቃውሞውን ጽፎ፣ ምግብ አልበላም ብሎ ቆመ። በማግስቱ ፖሊስ ያዘው። ከዚያ ካውሉን ውስጥ ረብሻ ተነሳ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ጭማሪው አልቀረም፣ ጸደቀ። ቢሆንም የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ደነገጠ። መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1967 ሌላ የባሰ ብጥብጥ ተከተለ። በ1968 መንግሥት የሕዝቡን ብሶት የሚሰሙ የወረዳ ሹሞች በየሰፈሩ መመደብ ጀመረ።

ይህን የምነግራችሁ የእንግሊዝ ዘመን ጥሩ ነበር ለማለት አይደለም። አልነበረም። ገዢውን የምትሾመው ለንደን ነበረች፣ ሕዝቡን ማንም አልጠየቀውም። ሕግ አውጪው ምክር ቤት ውስጥ ሕዝብ በቀጥታ የመረጣቸው ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡት በ1991 ነው፣ ያውም ከ60 ወንበር 18ቱን ብቻ ይዘው። በ1992 የመጨረሻው ገዢ ክሪስ ፓተን መጣና ምርጫውን አሰፋው። እንግሊዝ ከ150 ዓመት በላይ የነፈገችውን በር ላይ ቆማ፣ ሻንጣዋን ይዛ መስጠት ጀመረች። ቤጂንግ ተናደደች፣ በ1997ም ያንን ምክር ቤት በትና በራሷ ተካችው። እዚህ ላይ ሁለቱንም ነው የምወቅሰው።

የርክክቡ ውል በ1984 ተፈርሟል። የጋራ መግለጫ ይባላል። አንድ አገር፣ ሁለት ሥርዓት። ከመከላከያና ከውጭ ጉዳይ በስተቀር ከተማዋ ራሷን ታስተዳድራለች፣ ገንዘቧ፣ ፍርድ ቤቷ፣ የንግድ ሥርዓቷ ለ50 ዓመት ሳይነካ ይቆያል። እስከ 2047 ማለት ነው። የቻይናው መሪ ዴንግ ሲያዎፒንግ ፈረስ ግልቢያውም ጭፈራውም እንዳለ ይቀጥላል ማለቱን ዛሬም ሰው ያነሳዋል።

እውነትም ፈረሱ ይጋልባል። ሃፒ ቫሊ ረቡዕ ማታ ብትሄዱ ውርርዱ ደርቷል። መኪናው ዛሬም በግራ ነው የሚሄደው። የኤሌክትሪክ ሶኬቱ የእንግሊዝ ነው፣ ሦስት ጥርስ ያለውን ማስማሚያ ያዙ። ኩዊንስ ሮድ ዛሬም ኩዊንስ ሮድ ነው። ቀይ የነበሩት የፖስታ ሳጥኖች አረንጓዴ ተቀብተዋል፣ አንዳንዶቹ ላይ ግን የእንግሊዝ ዘውድ በብረቱ ላይ እንደተቀረጸ ከቀለሙ ሥር ይታያል። የንግሥቲቱ ምስል ያለበት የድሮ ሳንቲም እጃችሁ ከገባ አትጣሉት፣ ሕጋዊ ገንዘብ ነው።

ገንዘቡን ካነሳን አይቀር። ለእኛ ለነጋዴዎች ዋናው ነገር ይሄ ነው። በ1983 መስከረም ላይ የእንግሊዝና የቻይና ድርድር ሲንገጫገጭ የሆንግ ኮንግ ዶላር ተንኮታኩቶ አንድ የአሜሪካ ዶላር 9.60 ደረሰ። ሰዉ ሱቅ ገብቶ ሩዝና ዘይት መሻማት ያዘ። በጥቅምት 17 መንግሥት ዋጋውን 7.80 ላይ አሰረው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ከ2005 ወዲህ ከ7.75 እስከ 7.85 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ርክክብ አለፈ፣ የሳርስ ወረርሽኝ አለፈ፣ የ2008 ቀውስ አለፈ፣ ኮሮና አለፈ። ፍንክች የለም። ሐምሌ 2024 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ በኋላ ዕቃ አዝዞ ሒሳቡ ሌሊቱን የተገለበጠበት ነጋዴ የዚህን ትርጉም ከማንም በላይ ያውቀዋል። ዛሬ የተስማማህበት ዋጋ ከሦስት ወር በኋላም ያው ዋጋ ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ኖቱን ደግሞ የሚያትሙት ሦስት የንግድ ባንኮች ናቸው፣ ሁለቱ ከእንግሊዝ ዘመን የመጡ፣ አንዱ ከ1994 ጀምሮ የገባው የቻይና ባንክ። ሦስት ዓይነት 100 ዶላር እጃችሁ ላይ ሊገኝ ይችላል። ሁሉም እኩል ነው፣ የውሸት እንዳይመስላችሁ።

አንድ ማሳሰቢያ። ተመኑ ታስሯል ማለት መንዛሪው አይበላችሁም ማለት አይደለም። አንድ ጺም ሻ ጹይ ያለ ምንዛሪ ቤት፣ ስሙን ልተወው፣ ሰሌዳው ላይ በትልቁ የለጠፈው እሱ ዶላር የሚሸጥበትን ዋጋ ኖሯል። እኔ ስሰጠው የቆጠረልኝ ሌላ ነው። 100 የአሜሪካ ዶላር ስትሰጡ 780 የሆንግ ኮንግ ዶላር ሊጠጋ ይገባዋል። ከመስጠታችሁ በፊት ስንት ትሰጠኛለህ በሉት፣ በካልኩሌተሩ ያሳያችሁ፣ ካልጣማችሁ ጥላችሁ ውጡ። ሰልፍ ሙሉ መንዛሪ አለ።

ከርክክቡ በኋላ የመጣው የመጀመሪያ ፈተና ፖለቲካ አልነበረም። ሐምሌ 1 ቀን 1997 ርክክብ ሆነ፣ ሐምሌ 2 ቀን ታይላንድ ገንዘቧን ለቀቀችና የእስያ ቀውስ ፈነዳ። የሚገርም ግጥጥሞሽ ነው። በነሐሴ 1998 ስፔኩሌተሮች (ዋጋ ሲወድቅ ለማትረፍ የሚወራረዱ ነጋዴዎች) የሆንግ ኮንግን ዶላርና አክሲዮን አንድ ላይ ሲያጠቁ፣ በነፃ ገበያው የሚታወቀው መንግሥት ራሱ ገበያ ገብቶ ወደ 118 ቢሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ገዛ። ብዙ ሰው ተሳድቦ ነበር። አጥቂዎቹ ግን ተሸንፈው ወጡ፣ አክሲዮኑም በኋላ በትርፍ ለሕዝብ ተሸጠ። የቤት ዋጋ ግን ከ1997 እስከ 2003 ባሉት ዓመታት ከግማሽ በላይ ወደቀ። ዕድሜ ልኩን አጠራቅሞ ቤት የገዛ ሰው ዕዳው ከቤቱ ዋጋ በለጠበት። በ2003 ላይ ደግሞ ሳርስ መጣና 299 ሰው ገደለ።

ያኔ ነው ቤጂንግ እጇን የዘረጋችው። በ2003 የንግድ ስምምነት ተፈረመ፣ የዋናው ምድር (ከሆንግ ኮንግ ውጭ ያለው ቻይና) ሰዎችም በግል ቪዛ እንዲመጡ ተፈቀደ። ጎብኚ ጎረፈ። በ2018 ከተማዋ ከገቡት 65 ሚሊዮን ጎብኚዎች 51 ሚሊዮኑ ከዋናው ምድር የመጡ ነበሩ። ጺም ሻ ጹይ ላይ የሰፈር ሱቅ እየተዘጋ የወርቅና የመዋቢያ ሱቅ ተተካ። ገንዘብ ገባ። ኪራዩም አብሮ ወጣ። በ1997 የሆንግ ኮንግ ኢኮኖሚ ከቻይና ኢኮኖሚ 18 በመቶ ገደማ ያህል ነበር። ዛሬ 2 በመቶ ገደማ ነው። ከተማዋ ደህይታ አይደለም፣ ያኛው ነው ያደገው። እኛም እናውቀዋለን። ድሮ የቻይናን ዕቃ የፈለገ በሆንግ ኮንግ በኩል ነበር የሚሄደው፣ አሁን አየር መንገዳችን ቀጥታ ጓንግዡ ያወርደናል፣ ከዚያ የጅምላ ገበያ ወደሆነችው ወደ ኢዉ ከተማ ነው። ሆንግ ኮንግ የሚያልፈው ባንክና ውል ያለው ሰው ሆኗል።

ወደ ጀልባው ልመለስ። ሶ ሳው ቹንግ የቆመበት ማረፊያ ዛሬ የለም። ከ1957 ጀምሮ ያገለገለው የሴንትራል ማረፊያ በኅዳር 2006 ተዘጋ። መንግሥት ባሕሩን በአፈር ሞልቶ መንገድ ሊሠራበት ነበር። ወጣቶች ሄደው ቆሙ፣ ግንባታው ቦታ ውስጥ ገቡ፣ ፖሊስ አወጣቸው፣ የሰዓት ማማው ፈረሰ። በሚቀጥለው ዓመት አጠገቡ የነበረው የንግሥቲቱ ማረፊያ ተራው ደረሰ። እንግሊዛውያን ገዢዎች ሲሾሙ ከባሕር የሚወጡት በዚያ በኩል ነበር። ወጣቶቹ እዚያም ተቀምጠው ነበር፣ አልሆነም፣ በ2008 ፈረሰ። ቅኝ ገዢ ናፍቋቸው ነው ያሉ ነበሩ። እኔ አልቀበለውም። ያ ሥፍራ ደሃው በነፃ የሚቀመጥበት፣ ፍቅረኛ የሚጠበቅበት፣ ፊርማ የሚሰበሰብበት ቦታ ነበር። አያቶቻቸው ስለ አምስት ሳንቲም የጮኹበት ነው። የከተማው ሰው የራሱ ያደረገውን ቦታ ነው የጠበቁት።

አሁን የምትሳፈሩበት 7 ቁጥር ማረፊያ ወደ ባሕሩ ገፋ ብሎ የተሠራ ነው፣ በአሮጌ ዘመን ቅርጽ። ያምራል። ግን 2006 ላይ የተሠራ መሆኑን እወቁ። አጠገቡ ባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ደግሞ በ2020 ለቻይና ጦር የተላለፈ የመርከብ መጠጊያ አለ። ሰው እየሮጠ ስፖርት የሚሠራበት፣ ልጅ የሚጫወትበት መናፈሻ ዳር ነው ያለው።

ፖለቲካውን በአጭሩ ልናገር፣ ዜና የምትከታተሉ ስለምታውቁት። በ2003 የጸጥታ ሕግ ሊወጣ ሲል እንደ አዘጋጆቹ ቆጠራ ግማሽ ሚሊዮን ሰው ወጣና ሕጉ ቀረ። በ2014 ዋና አስተዳዳሪያችንን ራሳችን እንምረጥ ብለው 79 ቀን አውራ ጎዳና ላይ አደሩ፣ አልተሳካም። በ2019 ተጠርጣሪን ለዋናው ምድር አሳልፎ የሚሰጥ ሕግ ቀረበና ከተማዋ ተናወጠች። ሰልፉ ከሚሊዮን በላይ ሆነ፣ ግጭቱም ከፋ፣ ከሁለቱም ወገን የተጎዳ አለ። በሰኔ 30 ቀን 2020 ቤጂንግ የብሔራዊ ደኅንነት ሕጉን በቀጥታ አወጣች። በ2021 አንድ ትልቅ የተቃዋሚ ጋዜጣ ሒሳቡ ታግዶ ተዘጋ፣ የመጨረሻውን እትም ለመግዛት ሰው ሌሊቱን ተሰልፎ አደረ። በዚያው ዓመት የምርጫው ሕግ ተቀየረ። ሕዝብ በቀጥታ የሚመርጠው ከ70 ወንበር 35ቱን ነበር፣ ከ90 ወደ 20 ወረደ። ድምፅ ለመስጠት የወጣው 30.2 በመቶ ብቻ ነው፣ በ2016 ግን 58 በመቶ ወጥቶ ነበር። በ2024 የራሳቸውን ቅድመ ምርጫ በማካሄድ የተከሰሱ 45 ሰዎች ከአራት እስከ አሥር ዓመት ተፈረደባቸው። መንግሥት ሰላም መለስን ይላል። ሰላሙ አለ፣ መንገዱ ጸጥ ብሏል፣ ንግዱ ይሠራል። ግን አሥር ዓመት እስር ለቅድመ ምርጫ? እኔ ይሄን ሰላም ብዬ ለማመስገን አፌ አይታዘዝልኝም።

በ2023 የጀልባው ዋጋ ከ3.20 ወደ 5 ዶላር ከፍ አለ። ከግማሽ በላይ ጭማሪ ነው። ምክንያት ነበረው፣ ያንን አልክድም። በኮሮናው ዘመን ቱሪስት ጠፍቶ ኩባንያው ትልቅ ኪሳራ እንደደረሰበት ተናግሯል፣ ከጭማሪው በኋላም ከባቡሩ ይረክሳል። ጭማሪው ጸደቀ፣ ሰዉ ካርዱን አስነክቶ መሳፈሩን ቀጠለ። እንደ 1966ቱ ያለ ነገር አልታየም። ለዋጋው ብዬ አይደለም የማነሳው። ዛሬ አንድ ወጣት እዚያው ማረፊያ ላይ ወረቀት ይዞ ቢቆም ምን ይሆናል ብዬ ሳስብ ነው ልቤ የሚከብደው።

ለነጋዴ አንድ ተጨማሪ ነገር። ፍርድ ቤቱ ዛሬም በእንግሊዝ የሕግ ባህል ነው የሚሠራው፣ ውላችሁን በእንግሊዝኛ መፈረምና በእንግሊዝኛ መከራከር ትችላላችሁ። በ1997 የተቋቋመው የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ከውጭ አገር የሚመጡ ዳኞችም አሉት። በሰኔ 2024 ሁለት ታዋቂ የእንግሊዝ ዳኞች ለቀቁ፣ አንደኛው ምክንያቱ የፖለቲካው ሁኔታ ነው አለ፣ በፍርድ ቤቱ ላይ ግን እምነቱ እንዳልጎደለ ጨመረ። የዕቃ ክርክር ላይ ጉዳያችሁ በአግባቡ የሚሰማ ይመስለኛል። መንግሥትን የሚነካ ክርክር ግን ሌላ ነው።

ጉዞውን ከጓንግዡ ለምታደርጉ። ከ2018 ጀምሮ ፈጣኑ ባቡር ዌስት ካውሉን ድረስ ይመጣል፣ ከጓንግዡ ደቡብ ጣቢያ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ጣቢያው ውስጥ በአንደኛው ክፍል የሚሠራው የዋናው ምድር ሕግ ነው፣ ፓስፖርታችሁን የቻይና ፖሊስ እዚያው መሃል ከተማ ላይ ያያል። የቻይና ቪዛ ሆንግ ኮንግ አያስገባም፣ የሆንግ ኮንግም ቻይና አያስገባም። ከሁሉ በላይ ይህን አስታውሱ፦ ሆንግ ኮንግ ገብታችሁ ስትመለሱ ከቻይና እንደወጣችሁ ነው የሚቆጠረው። ቪዛችሁ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ዕቃችሁ እዚያ፣ እናንተ እዚህ ትቀራላችሁ። ከመነሳታችሁ በፊት ቪዛችሁ ላይ የተጻፈውን የመግቢያ ቁጥር እዩ።

መቼ ልሳፈር ለምትሉ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከጺም ሻ ጹይ ተነስታችሁ ወደ ሴንትራል ሂዱ። የሕንፃዎቹ መብራት ሲበራ ፊት ለፊታችሁ ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ የመብራት ትርዒት አለ፣ እሱን ግን ከካውሉን ዳርቻ ቆማችሁ ብታዩት ይሻላል። እዚያው የሰዓት ማማ ታገኛላችሁ፣ ከድሮው የካውሉንና የጓንግዡ ባቡር ጣቢያ የተረፈ ነው። ጣቢያው በ1978 ፈርሷል። ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ቻ ቻን ቴንግ የሚባል የሰፈር ሻይ ቤት ግቡና ወተት የሚጨመርበትን ጥቁር ሻያቸውን ቅመሱ። ጠንካራ ነው፣ የኛን ሰው ይስማማል።

ጎናችሁ የተቀመጠውን ሰው ስለ 2019 አትጠይቁት። ራሱ ካነሳው ስሙት። ለእናንተ የአሥር ደቂቃ ጨዋታ ነው፣ ለእሱ ግን ሥራውም ልጁም እዚያ ነው፣ ማን እንደሚሰማው አያውቅም። ለጀልባው፣ ለሠራተኞቹና ለዋጋው ሙሉ ነጥብ ሰጥቻለሁ። ዕድሜና ጥቅል ዕቃ ያላችሁ ሰዎች ግን መሸጋገሪያው ውኃው ሲጎድል ቁልቁል ስለሚሆን ቀስ ብላችሁ ውረዱ።